የአባቴ እጆችና የፕላስቲክ ወንበሩ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የባሮ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ቀይ የሆነበት ክረምት ነበር፤ የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን ልጄ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ። የማልረሳው ጠዋት ተነስቼ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ እንዳቃተኝ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጆቼን አየኋቸው። የአባቴ እጆች ነበሩ።

የአባቴ ጣቶች መጀመሪያ አንጓቸው ላይ አበጡ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘመሙ፣ በመጨረሻ እንደ ዶሮ እግር ተኮራመቱ። ደጋ በነበርን ጊዜ ነው ይህ። በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ የአባት እጅ ሲታጠፍ ልጅ እርፉን ከእጁ ይቀበለዋል። ክብር ነው። ታላቅ ወንድሜ ተቀበለው፣ አባቴ መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ከመደቡም ሳይነሳ ቀረ። በሰፈራ ወደ ጋምቤላ፣ አቦቦ ከመጣን በኋላ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ ጣቶች ታጠፉ። ልጆቹ ዶማውን ተቀበሉት። እሱም ተቀመጠ፣ ቀጥሎም ተኛ፣ እያገላበጡ እያጠቡት ኖሮ አረፈ። ስለዚህ የእኔ ጣቶች ሲያብጡ ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ሞታ፣ የአቦቦውን ማሳ ትቼ፣ ጋምቤላ ከተማ ልጄ ቤት ገብቻለሁ። ባሏ ዲማ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ስለነበር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ግቢው ጥግ በቆሎ የምዘራባት ቁራሽ መሬት ነበረችኝ። ልጄ እጄን ያየች ቀን ዶማዬን ወስዳ ቆለፈችበት። ከገበያ ባለ መደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር ገዝታ ኒም ዛፉ ሥር አስቀመጠችልኝ።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ያንተ ሥራ መጦር ነው» አለችኝ። «እያመመው ታስቆፍረዋለች እንዲሉኝ ነው?»

«የታመመው ጣቴ ነው እንጂ እግሬ ደህና ነው እኮ።»

«እንግዲያውስ እግርህንም እንጠብቀው።»

ተጦርኩ። ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር፣ ምሳ ዘይት ያዘለ ፓስታ፣ ማታ ጥብስ። ውሃ ስጠይቅ ለስላሳ ይከፈትልኛል። እኛ ሰፋሪዎች ሽማግሌ የምናከብረው እንዲህ ነው። ጎመን ያለፍንበትን ችግር ያስታውሰናል። ዓሣማ ወንዙ አፍንጫችን ሥር እየፈሰሰ እኛ ቤት ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ይሸታል እንላለን።

ቀኑ አልሄድ አለኝ። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፣ ላቤ ወንበሩ ላይ ያጣብቀኛል። የኒሙ ጥላ ሲዞር እኔም ከነወንበሬ መዞር አለብኝ፤ ያን ብቻዬን ስለማልችል ልጄ ከገበያ እስክትመለስ ፀሐይ ያገኘኛል። የግቢያችን በር የሚዘጋው በብረት መወርወሪያ ነው። መወርወሪያውን ለመሳብ የሚጨብጥ እጅ ያስፈልጋል። ማንም ሳይቆልፍብኝ ተቆልፎብኝ ነበር። መንገደኛው ሲያልፍ በበሩ ስንጥቅ እግሩን ብቻ አያለሁ። እየቆየ ጉልበቴም ማበጥ ጀመረ። ይኸው ጀመረ አልኩ በሆዴ፤ ከወንበር ወደ አልጋ ያለችው መንገድ አጭር መሆኗን ቤተሰባችን ያውቃታል።

ልጄ በባጃጅ ጭና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። ደሜን አስመርምሮ ውጤቱን ካየ በኋላ ስለ ዘመዶቼ ጠየቀኝ፤ የአባቴንና የወንድሜን ነገርኩት።

«አዎ አባባ፣ ከዘር የሚወረስ ነገር አለበት» አለኝ።

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። በቃ፣ አልቋል በለኛ።»

«አላለቀም። ከወላጅ የሚወረሰው ለበሽታው መጋለጡ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አኗኗራችን ይለያያል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው። ቁስል ሲቆጣ አይተው ያውቃሉ? ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲያቃጥል?»

«ገበሬ ነኝ፣ እንዴት አላይም።»

«እንግዲህ እርስዎ ውስጥ ያ ቁጣ ቁስል ሳይኖር ይነዳል፤ አይበርድም። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ይሠራሉ፣ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፣ ሌላ ይተካቸዋል። ቁጣው ሲበዛባቸው ያለ ጊዜያቸው ያረጃሉ። ምግብም ወይ ያባብሰዋል ወይ ያበርደዋል። አንዳንዶቹ ሕዋሳት ደግሞ ካረጁ በኋላ አይሠሩም፣ አይሞቱም፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ጎረቤቶቻቸውን ያስቆጣሉ።»

ወንበሬ ትዝ አለችኝ። «ልጄ፣ እኔን እየሰደብከኝ ነው?» አልኩት። ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

መድኃኒት አዘዘልኝ። ስኳሩንና የተጠበሰውን ይቀንሱ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬና ዓሣ ይብሉ፣ እጅዎን ያሠሩት አለኝ። ልጄ መድኃኒቱን ደረቷ ላይ ይዛ «በሰዓቱ እሰጥሃለሁ» አለች። ሌላውን አላነሳችውም። አባቷን ጎመን አበላች መባል ሞቷ ነው፤ አልፈርድባትም።

ከሸንበቆ አጥራችን ማዶ አንዲት የአገሩ ተወላጅ፣ አኙዋ ሴት ትኖራለች። ባሏ የሞተ፣ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች፣ ዓሣ የምትሸጥ። ከእኔ ብታንስ በጥቂት ነው። አማርኛዋን የተማረችው ገበያ ነው፤ ባጭሩ ትናገራለች፣ አንቱ የሚባል አታውቅም። ድሮም ዓሣ በአጥሩ ትልክልን ነበር፤ ልጄ አመስግና ትቀበልና ለድመቷ ትሰጣለች። አንድ ቀን ይህች ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሞተሃል?»

«አልሞትኩም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዝንብ ካንተ ይሻላል። ዝንብ ይሄዳል።»

«እጄ ታጥፎ ነው። ዘራችን ነው።»

«አምጣ።» በሸንበቆው መሃል እጄን ሳብ አድርጋ፣ የምትገዛው ዓሣ ይመስል አገላብጣ አየችው። «የእናቴ እጅ እንደዚህ ነበረ።»

«ምን ሆነች ታዲያ?»

«ምን ትሆናለች? ታጥፎ ዓሣ ያጠምዳል።»

ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳት፤ የማይሠሩትን፣ የማይሞቱትን፣ ጎረቤት የሚያስቆጡትን። አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቀች። «ጎበዝ ሐኪም ነው! ቤትህ መጥቶ አይቶሃል!»

በማግስቱ ልጄ ገበያ እንደሄደች ሴትዮዋ ጠራችኝ። ከአጥሩ ጥቂት ሸንበቆ ፈታ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አበጅታለች። በቀዳዳው ዶማ አቀበለችኝ። የዶማው እጀታ በአሮጌ የዓሣ መረብ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ክንድ አክሏል።

«ጣትህ እሺ አይልም» አለች። «እኔ እንጨቱን አወፈርኩት።»

ጨበጥኩት። ያበጡት ጣቶቼ እስከሚችሉት ታጠፉ፣ እዚያው ላይ እጀታው ጠበቃቸው። ሸሚዜ ሸንበቆው ላይ ተቀዶ ማዶ ተሻገርኩ። ጎመንና ባሚያዋን ስኮተኩት ትንሽ ሠርቼ ብዙ ተቀመጥኩ። አመመኝ። ግን ይህ ሕመም ከወንበሩ ሕመም ይለያል፤ ሥራውን ሳቆም ይተወኛል። ሲበቃኝ ዘይት የሌለው፣ ከቅጠል ጋር የተቀቀለ ዓሣ አቀረበችልኝ።

«ይሸታል» አልኳት።

«አንተም ትሸታለህ። ብላ።»

በላሁ።

እንዲህ ከረምን። መድኃኒቱን ከልጄ፣ ቅጠሉንና ዶማውን ከማዶ። ልጄ ሳትመጣ ሾልኬ እመለስና እግሬን ታጥቤ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወጥቶ ራሱ ተመልሶ የሚገባ እስረኛ ማለት ነበርኩ። ማታ ጥብስ ስትሰጠኝ ጠግቤያለሁ እላታለሁ። እብጠቱ ቀስ እያለ ቀነሰ። አንድ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ዝናብ ገበያውን ስለበተነው ልጄ ያለ ሰዓቷ መጣች። ወንበሩ ባዶ ነው፣ መቀመጫው ውሃ ቋጥሯል፣ የበሩ መወርወሪያ እንደተዘጋ ነው። «አባዬ! አባዬ!» ስትል ድምፅዋ ልቤን ቆረጠው። «ወዲህ ነኝ» አልኩ። በቀዳዳው ስትገባ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

«አባቴን የቀን ሠራተኛ አደረግሽው!» ብላ ሴትዮዋ ላይ ጮኸች።

ሴትዮዋ ከአረሟ ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺ ወንበር አደረግሽው።»

 የልጄ ዓይን ዶማውን በጨበጠው እጄ ላይ አረፈ። አጎቷን ሲያጥቡት ውሃ ታቀብል የነበረችው እሷ ናት። ዝናቡ እየመታት ቀስ ብላ የራሷን ጣቶች ዘርግታ አየቻቸው። ረጃጅሞች ናቸው፣ የእኛ ቤት ጣቶች። እኔ ስመለከታት ወደ ቀሚሷ ሸሸገቻቸው።

«ያ የምትልኪልን ዓሣ... እንዴት ነው የሚሠራው?» አለቻት።

ጣቶቼ አልቀኑም፣ አይቀኑምም። ሰማዩ ሲከብድ ገና አልጋዬ ላይ ሆኜ አንጓዎቼ ይነግሩኛል፤ መድኃኒቱንም አላቋረጥኩም። ከአባቴ የወረስኩት ውስጤ ነው፣ እዚህ ገላ ውስጥ ዛሬም እንደታሰርኩ ነኝ፤ ይህኛው አጥር ቀዳዳ የለውም። ግን የበራችንን መወርወሪያ ልጄ በዓሣ መረብ ጠቅልላ አወፍራልኛለች። ራሴ ስቤ፣ ራሴ ከፍቼ፣ እስከ ባሮ ዳር እሄዳለሁ። መረቡን የሰጠቻት፣ እኔንም ከዚያ ወንበር ያስነሳችኝ፣ ከሸንበቆው ማዶ ያለችው ዓሣ ሻጯ አኙዋ ጎረቤቴ ናት።