የአባቴን እጅ ያወረድኩ ቀን

የአባቴ ዱዓ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሙታን ይታወሳሉ፤ ቀጥሎ አገርና ዝናብ፣ ከዚያ እንግዳ፣ የራሳቸው ልጆች መጨረሻ። ሐርቡ፣ አባቴ ቤት ሳለን ስማችን እስኪደርስ ድረስ እጃችን ተዘርግቶ ክንዳችን ይዝል ነበር። እኔ የቤቱ ትንሿ ስለሆንኩ የመጨረሻም መጨረሻ ነኝ። ሲጨርሱ በመዳፋቸው ፊታቸውን ያብሳሉ፣ እኛም እናብሳለን፤ ያኔ ዱዓው ተዘጋ ማለት ነው።

ቫዮሊን ተምሬ ደሴ ላይ የሙዚቃ መምህርት ከሆንኩ ወዲህ ለእኔ የሚደርሰኝ ጤና፣ ሰላምና ትዳር ብቻ ነው። ስለ ሥራዬ አንድ ቃል የለበትም። አባቴ ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ ዝም ብለው ያልፉታል። ለእህቴ ሱቅ ይለመናል፣ ለወንድሜ በሬዎች ሳይቀር ይለመናል። የእኔ ቫዮሊን ከበሬ አነሰ እያልኩ ለጓደኞቼ እቀልዳለሁ እንጂ ነገሩ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን እዚያ ዱዓ ውስጥ ሥራዬ ሲጠራ መስማት እፈልግ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስድስት ሙዚቀኞች ደሴ መጥተው እንዲጫወቱ ሲወሰን አዘጋጇ እኔ ሆንኩ። ሁለት ቫዮሊን፣ ከእሱ ተለቅ የሚሉ ሁለት ቪዮላ፣ በጉልበት መሐል ተይዘው የሚጫወቱ ሁለት ትልልቅ ቼሎ፤ የሚጫወቱትም ሮማንቲክ የሚባለው የሙዚቃ ዘመን ሊያበቃ ሲል አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ ረጅም ሥራ ነው። አባቴን ይምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሦስት ጊዜ እምቢ ብለው በአራተኛው እሺ አሉ። እኔም እሺታቸውን እንዳገኘሁ ምን ብል ጥሩ ነው? ሽርጡን ትተው ሱሪ እንዲለብሱ ነገርኳቸው። የወንድሜን ሱሪ ተውሰው፣ እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፈው መጡ።

ሙዚቀኞቹን የተቀበልኳቸው ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ነው። ቼሎዎቹ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሰው ወንበር ይዘው ሽቅብ ወደ ደሴ ወጣን። ከመካከላቸው ሁለቱ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛዋ፣ የደሴ ሰው ይህን ዓይነት ሙዚቃ ያውቀዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ ነዋ አልኩ። ውሸቴን ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ሕዝቡ እንዳያዋርደኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። አባቴ ዙሁር ሰግደው መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአከራዬ ጎን ተቀመጡ። አከራዬ ሆጤ ሰፈር የምኖርበት ቤት ባለቤት ናት፤ ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ትእዛዝ ደረደርኩ። ስልክ ይዘጋ፣ ወሬ የለም፣ እልልታ የለም፣ ሥራው አራት ክፍል ስላለው መሐል ላይ አይጨበጨብም።

የመጀመሪያው ክፍል ሲጀመር የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ባለሥልጣኖች እግራቸውን አጣምረው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ተማሪዎቼ ይቀርጻሉ። ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰውዬ ዘፋኙ መቼ ነው የሚወጣው ብሎ ጎኑ ያለውን ሲጠይቅ ሰማሁት። ክፍሉ ሲያልቅ ግማሹ ሕዝብ አጨበጨበ። ዞሬ ሳፈጥባቸው ጭብጨባው በአንዴ ረገበ። ሙዚቀኞቹ ፈገግ አሉ እንጂ የከፋቸው አይመስሉም ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ዝግተኛ ነው። አንደኛው ቼሎ በወፍራም ድምፅ ብቻውን ይጀምራል፣ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ይገቡለታል። እሱ ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔን ፈርቶ አልነበረም። የሚቀርጹት ልጆች ስልካቸውን አወረዱ። አከራዬ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች። አባቴ መዳፋቸውን ዘረጉ።

ድምፅ አላሰሙም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አከራዬ አየቻቸውና እሷም ዘረጋች። ከኋላቸው ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሉ፣ ከዚያ አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት። እኛ ዘንድ ሰው እጁን ሲዘረጋ አጠገቡ ያለው አብሮት ይዘረጋል፤ የማን ዱዓ ነው፣ ስለ ምን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ይህን እያየሁ ያደግኩ ነኝ።

ይሁንና ከፊት ረድፍ አንዱ ባለሥልጣን ዞር ብሎ አያቸውና ጎኑ ላለው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አቃጠለችኝ። ከቆምኩበት የግድግዳ ጥግ ተነስቼ፣ አጎንብሼ በረድፎቹ መሐል ገባሁና የአባቴን ሁለት እጆች በእጄ ይዤ ወደ ታች ተጫንኳቸው።

«አባየ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም።»

ወዲያው ጉልበታቸው ላይ አኖሯቸው። ፊታቸውን አላበሱም። ከኋላ ያሉትም አንድ በአንድ አወረዱ። አከራዬ ብቻ እስኪበቃት ዘርግታ ቆይታ ፊቷን አበሰችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዱዓ ይቆረጣል እንዴ፣ ልጄ?»

አጎንብሼ ወደ ጥጌ ተመለስኩ። የቀሩትን ሁለት ክፍሎች አባቴ እጃቸው ከጉልበታቸው ሳይነሳ አዳመጡ። ሁሉ ነገር አልቆ አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሳቸውም ተነሡ፤ ግን እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ፊቴን አዩ። ይፈቀድ እንደሆነ እኔን እየጠየቁኝ ነበር። ራሴን በአዎንታ ስነቀንቅላቸው አጨበጨቡ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መናኸሪያ ድረስ ስሸኛቸው አልወቀሱኝም፤ ደክሞሻል፣ ግቢና ተኚ ነው ያሉኝ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ያን ዝግተኛ ክፍል ላስታውስ ብሞክር አንድም ድምፅ አልመጣልኝ አለ። ለካ ሕዝቡን ሳይ እኔ አልሰማሁም ነበር። አባቴ ማንንም አልረበሹም፤ ሙዚቀኞቹም ዓይናቸው ከኖታቸው ስላልተነሳ ያዩት ነገር የለም። አዳራሹ ውስጥ በአባቴ ያፈርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያውም የአንድ ሰው ፈገግታ ፈርቼ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሐርቡ ወረድኩ። አባቴ ሽርጣቸውን አገልድመው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ስይዝ አነሡኝ።

«አብሽሪ። ምን አጠፋሽ? ሥርዓቱን የምታውቂ አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን ስለ ምን እየለመኑ እንደነበር ጠየቅኳቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ያ ትልቁ ነገር፣ ቼሎውን ማለታቸው ነው፣ ሲያለቅስ የሞተችው እናቴ ትዝ አለቻቸው፤ ስለዚህ ከሙታን ጀመሩ። አገሩን ለመኑ። እንግዶቹን፣ እጃችሁ አይዛል ብለው፣ ስድስቱንም መረቁ።

«ከዚያ አንቺን ልጀምር ስል ነው እጄን የያዝሽው።»

አሁን ያድርጉልኝ አልኳቸው። ሳያቅማሙ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔም ዘረጋሁ። ጤና ለመኑልኝ። ሰላም ለመኑልኝ። ትዳር ለመኑልኝ። እዚያ ላይ ቆሙና ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። እኔም ክንዴ እስኪዝል ጠበቅኩ።

«ያን ቀን ስለ ሥራሽ የመጣልኝ ነገር ነበር። ወላሂ፣ ጥሩ ነገር ነበር» አሉ። «ረሳሁት፣ ልጄ።»

መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አበሱ። እኔም አሚን ብዬ አበስኩ።