ዋርሳዬና የጠዋቱ ሬዲዮ

የጠዋቱን የሬዲዮ ፕሮግራም ወደ ሮቤ ቤቶች ካስገቡት ሰዎች አንዱ ባለቤቴ ነው። ይህን አልደብቅም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ የሠራውን ሲያስረክብ ድምፁ መጥራቱን ለማሳየት ከሁሉ አጥርቶ የሚይዘውን ጣቢያ ከፍቶ ነበር የሚሰጠው። ያ ጣቢያ ደግሞ የጠዋቱ አዘጋጅ፣ እኛ ቤት «ሰውየው» የምንለው፣ የሚያወራበት ነው። ከጎባ የመጣውም፣ ከሃረና ቡና ይዞ የወጣውም ያንኑ ድምፅ ይዞ ይመለስ ነበር።

መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ጠፋ በቅሎ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ድሮ ሥርዓት ዞረ። ስለ ልጃገረዶች ሱሪ፣ ሽማግሌ ስለማይሰማ ወጣት፣ ገበያ ስለምትውል ሚስት። የጣቢያው ስልክ ፋታ አጣ። ባጃጁ ውስጥ እሱ፣ ወፍጮ ቤት እሱ። ባለቤቴ ይወደው ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በጋለ ካውያ ሽቦ እያጣበቅሁ ለሰውየው መልስ እሰጣለሁ።

«አንቺ እሱን ብታገቢ ኖሮ በአንድ ቀን ትፋቱ ነበር» ይለኛል።

«አንድ ቀንስ ዝም ብሎ ከሰማኝ ነው።»

ይስቃል። ያ ሳቅ ነው የጎደለኝ።

አምና ክረምት ላይ ሞተ። ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን ሐዘን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳልወጣ ተቀመጥሁ። ሱቁም ተዘግቶ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮውን እከፍትና ለሰውየው እንደ ልማዴ እመልሳለሁ፤ የሚስቅ ግን የለም።

ዒዳው ባለቀ ማግስት ሱቁን ከፈትሁ። በሳምንቱ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ መጣ።

«እኔ ላግባሽ። አንቺ ቤት ትቀመጫለሽ፣ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ካውያ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?»

ተቆጥቶ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ድምፁን በሬዲዮ ሰማሁት። ስሙን አልተናገረም፤ እኔ ግን ያን ድምፅ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። «ወንድሜ ሞተ፤ ሚስቱ ሱቅ ከፍታ ከወንድ ጋር ትውላለች። እንደ ባህላችን ልውረሳት ብል እምቢ አለችኝ» አለ። አዘጋጁ አዘነለት። «ቤተሰቧን አዋረደች። ሽማግሌ ላክባት» ብሎ መከረው።

ጠዋቱ ሳያልቅ ገበያው ሁሉ ማን እንደሆንሁ አወቀ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር በራፌ ላይ ቆሞ፣ «አዴ፣ እናቴ፣ ዛሬ በሬዲዮ ወጡ እኮ!» አለኝ። ሳቀብኝ ወይስ ሳቀልኝ፣ አላወቅሁም።

በማግስቱ እኔም ደወልሁ። ብዙ ከጠበቅሁ በኋላ መስመሩ ገባልኝ።

«እህቴ፣ ከየት ነው?»

«ከሮቤ። ትናንት አዋረደች ያልካት ነኝ።»

«እሺ፣ ባህላችንን ለምን ናቅሽ?»

«ዒዳዬን አንድ ቀን ሳላጎድል ጨርሻለሁ። ኒካህ ያለ ሴቷ ፈቃድ እንደማይታሰር ያስተማሩኝ አባቶቼ ናቸው። ያንተ አባቶች ሌላ ነው ያስተማሩህ?»

«መስመሩ ተቋረጠ» አለ። አልተቋረጠም ነበር፤ ዘጋው እንጂ። ግን የተናገርሁት ከአፌ ወጥቷል፤ አገሩም ሰምቷል።

ቅዳሜ ዋርሳዬ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። የጀመርሁትን የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ግን ከእጄ አላስቀመጥሁም።

«ልጄ» አሉ ትልቁ፣ «ሬዲዮው ያለውን ሰምተናል። ካንቺ አፍ እንስማ ብለን ነው የመጣን።»

«አላገባውም፣ አባባ። የሞተው ባሌ ነው፤ እጄ አልሞተም።»

«የሬዲዮው ሰውዬ እኮ አገር የሚሰማው ሰው ነው።»

«እኔም ስንት ዓመት ሰማሁት። ዛሬ እርስዎ እኔን ይስሙኝ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ አጎንብሰው እጄን አዩ፤ ማጉያውን የምሠራው ለሳቸው መስጊድ ነበር።

«ለጁምዓ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ ይደርሳል።»

ትልቁ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ለወንድምየው ታዲያ ምን እንበለው?»

«ሥራ ላይ አገኘናት በሉት።»

ሰውየው ነገም ስለ እኔ ያወራ ይሆናል። ያውራ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሱቄ ክፍት ነው።