የዘቢባ አቼቶ

ደሴ ምሳ ልበላ ገብቼ፣ ከጥብሱ ጋር በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ አመጡልኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ኮምቦልቻ ያለው ቤታችንና እህቴ ዘቢባ መጡብኝ።

ዘቢባ ካሮትና ቃሪያ ቆራርጣ በማርማላታ ጠርሙስ ታደርግና አቼቶ ትሞላበት ነበር። እኔ ካሮቱን እወዳለሁ፤ እሷ ውሃውን ሳይቀር ትጠጣዋለች። የአስረኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ ቀን እንግዳ ቤት ሞልቶ ሳለ ጠርሙሱን አንስታ ስትጎነጭ የአባቴ እህት አየቻት።

"ሴት ልጅ ኮምጣጣ ካማራትማ ነገሩ የታወቀ ነው" አለች፣ አባቴን እያየች።

"ወላሂ አክስቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው የለ!" አለች ዘቢባ።

"እኔም እኮ እበላለሁ" አልኩ።

"አንተማ በርሜል ሙሉ ብትጠጣ ሆድህ አይገፋ!"

እንግዶቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

ፈተናው ሳይደርስ ሐርቡ ከተማ ለሚኖር ለማታውቀው ሰው ዳራት። ወራት ቢያልፉም ሆዷ አልገፋም፤ ይቅርታ ያላት ግን የለም።

በዓመቱ እውነትም አረገዘች። ደስ ይላታል ብዬ ያንን ጠርሙስ ሞልቼ ሄድኩ። ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫዋን ያዘች።

"ወንድሜ፣ አውጣልኝ፤ ሽታውን አልቻልኩም።"

በዚያው ወሊድ ሞተች። ለቅሶው ላይ ከአክስቴ በላይ የጮኸ አልነበረም።

ቃሪያውን ጨረስኩት።

"ወንድሜ፣ ይጨመርልህ?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ጨምሪ" አልኳት። እኔ በርሜል ሙሉ ብጠጣ ማን ይጠይቀኛል።