በፌስታል የተቀመጠው ቀሚስ

ደባርቅ ላይ የተማሪዎች የሽልማት ቀን በመጣ ቁጥር ማይኩ የእኔ ነበር። ክበባችን ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ወደ ስሜን ተራራ እንግዳ ይዞ የሚወጣውም ተሰባስበን በበጎ ፈቃድ ያቋቋምነው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ አሰባስበን፣ ችግር ሳይበግራቸው በትምህርታቸው ለገፉ ልጆች ሽልማት እንሰጣለን። እኔ መምህር ነኝ፤ አንደበቱ ርቱዕ ነው ይሉኛል። ሰው ማስለቀስ እችል ነበር፤ ይህንንም እንደ ሙያ ቆጥሬ እኮራበት ነበር።

አንድ ዓመት ከመረጥናቸው አንዷ ከዳባት ወዲህ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ወደ እናቷ ትሄድና እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ክፍሏን ለማየት የሄድን ጊዜ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሹራብ ለብሳ ነበር። ሌሎቹ ውጤቷን ይጠይቋታል፤ እኔ ዐይኔ ክርኗ ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ያዘንሁላት አይመስለኝም። አዳራሹን ሙሉ ሰው እንዴት እንደማስለቅስበት ነበር የማስበው።

የሽልማቱ ቀን ግን በነጭ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ መጣች። ብርዱ ስለማይቻል ቀሚሱን ከዘወትር ልብሷ ላይ ነው የደረበችው፤ ሹራቧን በር ላይ አውልቃ በፌስታል ይዛዋለች።

«እማዬ ናት የፈተለችው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ክረምቱን ሙሉ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ በሰው ላከችልኝ። ለብሼው አላየችኝም፤ ዛሬ ትመጣለች።»

«በጣም ያምራል» አልኋት። «ግን እንዲህ አምረሽ ከወጣሽ ችግርሽን ማን ያምናል? ያንን ሹራብ ብትለብሺው ይሻላል።»

ቀሚሷን ቁልቁል አየችው።

«ለራስሽ ብዬ እኮ ነው» አልሁ።

«እሺ ቲቸር» አለች። ምን ልትል ኖሯል? አስተማሪዋ ነኝ። ቀሚሱን አውልቃ ሹራቧን ለበሰች። ቀሚሱን በሹራቡ ፌስታል ከትቼ፣ ስለቸኮልሁ፣ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከመድረኩ ጠረጴዛ ሥር አስገባሁት።

ጨረታው በበግ ተጀመረ። የእኛ አገር ጨረታ እንደሚታወቀው ነው፤ በጉን የገዛው ሁሉ «ለልጆቹ መልሼዋለሁ» ይላል፣ እኛም መልሰን እንሸጠዋለን። አራት ጊዜ ተሸጦ ሲያበቃ ልጅቷን ጠራኋት። የአባቷን ሞት ተናገርሁ፣ የቅዳሜና የእሑዱን መንገድ ተናገርሁ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ክንዷን ይዤ ከፍ አደረግሁት፣ የተቀደደው ክርን ለኋለኛው ወንበርም እንዲታይ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ያፍራል። ሴቶቹ በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ፤ አንድ ነጋዴ የቤት ኪራይዋን እስክትጨርስ እከፍላለሁ ብሎ ተነሣ። እሷ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም።

እናትየው ዘግይተው ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆመው ኖሯል። ሰው ሲጠቁመኝ ደስ አለኝ፤ ወደ መድረክ ጠርቼ ምስጋና እንዲያቀርቡ ማይኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» አሉ። ከዚያ የልጃቸውን ክርን አዩና «ልጄ ግን ልብስ አላት» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ቢጤ ተሰማ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ያልገባው ነገር ሲሰማ የሚስቀው ዓይነት ነው። እኔ ግን ገብቶኛል። ማይኩን ቀበል አድርጌ «የእናት አንጀት ነው፤ አጨብጭቡላቸው» አልሁ። አጨበጨቡ።

ሕዝቡ ሲበተን ወንበር ልናነሣሣ ስንል እናትና ልጅ ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«ቀሚስሽን ምን አደረግሽው? ለብሰሽው ላይሽ ብዬ ነበር የመጣሁ» አሏት፣ ቀስ ብለው።

ልጅቷ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አልነበረም። እውነቱን ብትናገር ከእናቷም ፊት፣ ከክበቡም ሰው ፊት መግቢያ አልነበረኝም፤ ትናገራለች ብዬም ጠበቅሁ።

«እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ቲቸር ዘንድ አስቀመጥሁት» አለች።

ጎንበስ ብዬ ፌስታሉን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁት። የጫማዬ አፈር ነበረበት፤ በመዳፌ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሰጠኋቸው። እናትየው ቀሚሱን አውጥተው አራገፉት፣ ጥለቱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት፣ እንደገና አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፣ እኔን።

«ያኖሩልን እርስዎ ነዎት? እግዜር ያክብርልኝ» አሉ።

ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ ክርኗን በሌላው እጇ ሸፍናዋለች።

«ምንም አይደል» አልኋቸው።