ደረቅ ሣር

ዛሬ ጠዋት የድሮው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። የሣሩ ሽታ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ሲያውደኝ፣ ቀበሌ አዳራሽ ወሰደኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። በተወጠረ አንሶላ ላይ የካውቦይ ፊልም ይታያል። ሽጉጥ የታጠቁ እህትማማቾች የወንድማቸውን ገዳይ ሜዳ ላይ ከበቡት። ሰውዬው ተንበርክኮ ሣር ጨበጠ። እኛ ጋሞዎች እርጥብ ሣር ይዞ ምሕረት ለመለመን የተንበረከከን አንነካምና አዳራሹ በሙሉ "ማሩት!" ብሎ ጮኸ።

ሊቀመንበሩ ልጇን አስወስዶ ያስቀረባት አክስቴ ግን ብድግ አለች። እሱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ሣሩ ደረቅ ነው!" አለች፣ ማጅራቱን እያየች። "ድፉት!"

አክስቴ ዛሬ የለችም። እኔም በሩን አልከፈትኩም፤ ሣሩ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው።