ምሕረት የጻፈችው ሰባተኛው ገጽ

የመጀመሪያ ቀን የክፍሉ በር ላይ ቆሜ እጀታውን ለመጫን ፈራሁ። ፍራንክፈርት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ። ውስጥ ሃያ ያህል ተማሪዎች ይጠብቁኛል። የኮንትራት አስተማሪ ነበርኩ፤ ውሌ በየሴሚስተሩ ይታደሳል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ጠዋት ጠርተውኝ ነበር። "ንቅናቄዎቹን በቅደም ተከተል ያስተምሩ፤ ሮማንቲሲዝም፣ ሪያሊዝም፣ ናቹራሊዝም። የሴቶቹን ጉዳይ ጊዜ ከተረፈ በመጨረሻው ሳምንት" አሉኝ። ጊዜ ተርፎ አያውቅም። ውሌ እንዳይቋረጥ እየፈራሁ ለዓመታት እንዳሉኝ አደረግኩ።

አንድ ሴሚስተር ምሕረት የምትባል ተማሪ መጣች። ቦናመስ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ባሏ በጸሎት ቤታቸው የተከበረ አገልጋይ ነው። የሮማንቲሲዝም ጀግና ሁሉን ትቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ባሕር እንደሚሄድ ስናገር እጇን አወጣች።

"ሚስቱስ?"

"ቤት ናት" አልኳት።

"ስለ እሷስ ማን ጻፈ?"

በሚቀጥለው ሳምንት የንባብ ዝርዝሩን ለወጥኩ። በዚያ ዘመን ጥሩ ሴት የምትባለው ሃይማኖተኛ፣ ታዛዥና ከቤቷ የማትወጣ እንደነበረች፣ አንዳንድ ሴት ደራሲያን ግን ያንኑ ቤት እንደ እስር ቤት መሳል እንደጀመሩ አስተማርኩ። ፕሮፌሰሩ ሰምተው፣ "ስለ ውልዎ እንነጋገራለን" አሉኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተማሪዎች ሃውስአርባይት፣ የጥናት ጽሑፍ፣ ያስገባሉ። የምሕረት እስከ ስድስተኛው ገጽ እንከን አልነበረውም። ሰባተኛው ላይ ስለ ድሮዋ የቤት እመቤት ስትተነትን ድንገት ሊፍት መጣ፤ ስምንተኛ ፎቅ፤ በሩን ቆልፎባት ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ባል። ወረድ ብሎ "እሷ" የሚለው "እኔ" ሆነ። እጄ በልማድ ዳሩ ላይ "ምንጭ?" ብሎ ጻፈ። የጻፍኩት ሲገባኝ ሰረዝኩት።

ቢሮዬ ጠራኋትና በአማርኛ ጠየቅኳት። "ይህን ገጽ አስበሽበት ነው የጻፍሽው?"

"አዎ። እርስዎ እንዲያነቡት ነው። ግን እሱም በስልኩ አስተርጉሞ አነበበው። አሁን ታች መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ትምህርቱን ማቆምሽን ንገሪያቸውና ውረጂ ብሎኛል።"

"ከወረድሽስ?"

"ዳግመኛ አያዩኝም።"

"እርዳታ ልጥራልሽ?"

"ይጥሩልኝ።"

ጥቃት የሚደርስባቸውን ሴቶች የሚረዳውን የምክር አገልግሎት ስልክ ቁጥር አላውቀውም ነበር። ባሏ እየደወለ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አሥር ደቂቃ ሙሉ ፈለግኩ። በመጨረሻ አንዲት አማካሪ መጥታ በሕንፃው ጀርባ ባለው ደረጃ ይዛት ሄደች፤ ሴቶች ወደሚጠለሉበት ቤት። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ በሩን አንኳኳ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

"እትዬ፣ ባለቤቴ የት ናት?"

"ሄዳለች።"

"ወዴት?"

"አላውቅም።" እውነቴን ነበር።

"ትዳሬን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት። ፕሮይንገስሃይም ሰፈር እንደሚኖሩ አውቃለሁ" አለኝ ድምፁን ሳያነሳ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ተነስቼ ከውስጥ ቆለፍኩት።

ለፖሊስ አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አንድ ፌርማታ ቀደም ብዬ እየወረድኩ በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ቆሜ አሳልፍ ነበር። እሱ አልመጣም። ውሌም ታደሰ፤ ፕሮፌሰሩ ለምን እንዳደሱት አልነገሩኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ከተማ የላኪ አድራሻ የሌለው ፖስታ ደረሰኝ። ምሕረት እዚያ ለመመረቂያ ያቀረበችው ጽሑፍ ነበር። ሰባተኛውን ገጽ መግቢያ አድርጋዋለች፤ "እኔ" የሚለውንም አልቀየረችም።

አስተማሪ ሆናችሁ የምትጀምሩ፣ የምክር አገልግሎቱን ስልክ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። አሥር ደቂቃ በጣም ረጅም ነው።