የስታኞ ቅባት ይዤ ወደ ጣና

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጭኔ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለልኩት ጣሳ አለ፤ ውስጡ የስታኞ ቅባት ነው፤ ብረቱ እንደ ዱቄት ደቅቆ እንደ ሊጥ የተለወሰ የሬዲዮ መበየጃ። ሙቀት ያበላሸዋል፤ ሌላ ጣሳ ደግሞ የለንም።

ባሕር ዳር የሚጠብቁኝ አቶ ሙሉጌታ የጀልባዎቹ ሬዲዮ ጥገና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ለደሴት ክሊኒኮች የመገናኛ ሬዲዮ ልንሠራ ነው። ልጃቸው በላይነሽ ከደሴቶቹ በአንዷ ጤና ረዳት ናት። ሬዲዮዋ ከተበላሸ ወዲህ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ጀልባ የምትጠራው ዳርቻው ላይ እሳት አንድዳ ነው። ምሥራቅ ጀርመን የተማርኩት ሙያ አሁን ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው አልኩና ተሳፈርኩ።

ዓባይ በረሃ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ የአውቶቡሱ ወለል ጫማዬን አልፎ ያቃጥላል። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ባሕር ዳር አቅራቢያ ካለችው መሸንቲ የመጡ ሴት ጣሳውን ሲያዩ ቆይተው፣

«ቅቤ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከቅቤም ይብሳል፣ እማማ። ከሞቀ አለቀልኝ።» ነገሩን ስነግራቸው የቅላቸውን ውኃ ጨርቁ ላይ አፈሰሱልኝ። የሚጠጡት ውኃ እሱ ብቻ ነበር።

ደጀን ኬላ ላይ ጠባቂው ጣሳውን አንስቶ ወዘወዘው። «ክፈቺው፣ ጓድ።»

«አየር ካገኘው ይደርቃል። የሬዲዮ ዕቃ ነው።»

ሬዲዮ ስል ፊቱ ጠቆረ። በዚያ ዘመን ለኬላ የማይነገር ቃል ነበር። ሴትዮዋ ግን ከወንበራቸው ተነሱ። «ጌታው፣ ምጥ ለያዛት ሴት ጀልባ የሚጠራ ነው። ምን አደረገችህ?»

ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን አገላበጠና ሳቀ። «ጀልባ የሚጠራ ቅባት! እለፉ።»

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ ከሰዓት ባሕር ዳር ገባን።

ጥገና ክፍሉ

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ቆርቆሮ በሬዲዮው ሰሌዳ ላይ ይተኛል፤ ቅባቱ ከላይ ይዳመጣል፤ ቆርቆሮው ሲነሳ በየቦታው ነጠብጣብ ይቀራል። ጥቃቅን ዕቃዎች የሚቀመጡት እነዚያ ነጥቦች ላይ ነው። የእኛ ሰሌዳዎች ግን ከሥር ቀድሞ ዕቃ ስለተበየደባቸው ጠረጴዛ ላይ ልጥፍ ብለው አይተኙም።

አቶ ሙሉጌታ መላ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ደንገሉን ራሴ አጨድሁት» አሉ በኩራት። «ጣና ላይ ተሰባሪ ነገር ሁሉ በደንገል ተደግፎ ነው የሚሻገር። ይኸው ለሰሌዳው መኝታ አበጀሁለት።»

እኔም ወደድኩት። ቅባቱን ስዳምጠው ግን ደንገሉ ከመሐል ሰጠመ፣ ሰሌዳውም አብሮት ጎበጠ፣ ቅባቱ ከቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ነጥቦቹን አንድ ላይ ለወሳቸው። ጠራርገን ሰሌዳውን ጎንና ጎኑን ነክሶ በሚይዝ የብረት ሞርሳ ጥርቅም አድርገን አሰርነው። ይባስ ብሎ ጎንና ጎኑ ሲጨመቅ ሆዱን ወደ ላይ ነፋ። የተጠረገ ቅባት ተመልሶ ጣሳ አይገባም። ግማሹ እንዲሁ ሄደ።

አቶ ሙሉጌታ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ባለፈው ክረምት ጉም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ስታነድ ዋለች፤ እሳቱን አላየሁትም። ምጥ ላይ የነበረችው ሴት አረፈች። አሁን ይኸም ካልሆነ...»

«ይሆናል፣ ጋሼ» አልኩ። «ሳይሆን አልሄድም።»

ሹም አቦ

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር የተጠበሰ አሳ እየበላሁ ጀርመን ሳለሁ ቅባት እንምንዳምጥበት የነበረውን ማሽን በሐሳቤ ፈታታሁት። ሰሌዳውን ከሥር የሚሸከሙት አጫጭር የብረት ካስማዎች ነበሩ። ለስላሳ ነገር አልነበረም፤ ከጎንም የሚጨምቀው የለም። አሳውን ትቼ ተነሳሁ።

ሹም አቦ ሰፈር ካለ አናጢ ቁርጥራጭ ወይራ ለምነን ካስማ ጠረብን። አቶ ሙሉጌታ ሁሉንም ሞርሳ ላይ ባንድነት አስረው ባንድ ሞረድ ሞረዷቸው፤ አናታቸው እኩል ሆነ። መስተዋት ብናስተኛባቸው አልተንገዳገደም። ዕቃ በሌለበት በሌለበት ቦታ ከሰሌዳው ሥር አቆምናቸው። ዳር ዳሩን ደግሞ ከሰሌዳው ከፍታ የማይበልጥ እንጨት አስጠግተን፣ እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ያዝነው።

ዳመጥኩ። ቆርቆሮውን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። ነጥቦቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል።

«እሰይ!» አሉ አቶ ሙሉጌታ። «እሰይ የኔ ልጅ!»

ዕቃዎቹን በወረንጦ ስናስቀምጥም ካስማዎቹን አላነሳንም፤ ጣት ሲጫን ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም። በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቅባቱን አቅልጠን ስናወጣ ብየዳው አበራ። የቀረው ቅባት ለሁሉም ሬዲዮ በቃ። የመጀመሪያውን ሬዲዮ በማግስቱ ጀልባ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሙሉጌታ ጥገና ክፍሉ ውስጥ የሬዲዮውን ማዳመጫ ከጆሯቸው ሳይነጥሉ ቆሙ። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ፣

«አባባ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል! ይሰማል፣ በላይነሽ! እንዴት...»

«ሰላምታው ይቆይ፣ አባባ። ጀልባዋ ተመልሳ ትምጣ። ምጥ የጠናባት ሴት አለችኝ።»

ማዳመጫውን እኔ እጅ ላይ ጥለው ወደ ወደቡ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጀልባዋ ስትመለስ ሴትዮዋ የበላይነሽን አንገት አቅፋ በእግሯ ወረደች፤ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

መመለሻ

ደጀን ኬላ ላይ ያው ጠባቂ ነበር። ባዶ እጄን አየና፣ «ጀልባ የሚጠራው ቅባትሽስ?» አለኝ።

«ጠራ» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስፈታ አንዲት የወይራ ካስማ ከልብሴ መሐል ወደቀች፤ አቶ ሙሉጌታ ናቸው የሸጎጧት። አሁን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ተማሪዎቼ ሰሌዳውን አጥብቀው ሊያስሩ ሲነሱ ከሞርሳው አውጥቼ፣ መጀመሪያ ከሥሩ የሚሸከመው ነገር እንዳለ እጃቸውን አስገብተው እንዲዳስሱ አደርጋለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ በጉም ስላልታየችው የበላይነሽ እሳት እነግራቸዋለሁ።